«በቃኝ» የሚለው ማን ነው? ስለ ታላላቅ ሯጮቻችን የመጨረሻ ዓመታት

(በስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



በትምህርት ክፍላችን አንድን ወጣት ለውድድር እንዴት እንደምናበቃ የሚያስተምሩ ኮርሶች ሞልተዋል። ያው ወጣት አንድ ቀን ከመም ላይ እንዴት እንደሚወርድ የሚያስተምር ኮርስ ግን የለንም። ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት እንድናገር ተፈቅዶልኛል። ንግግሬ በአብዛኛው የሚያተኩረው በሁለት ሰዎች ላይ ነው፤ በኃይሌ ገብረሥላሴና በቀነኒሳ በቀለ። ለአድማጭ እንዲቀል የውድድሮቹን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። አንዷን ቀን ግን እንደማስታውሳት በራሳችን አቆጣጠር ልጥራት።

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ዓርብ ምሽት ነበር፤ የአቴንስ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። እኔ ያኔ በክረምት መርሐ ግብር የማስተምር ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ውጭው ይዘንባል፤ የመምህራን ክበብ ቴሌቪዥን ፊት ወንበር ያላገኘነው ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። ኃይሌ የ31 ዓመት ሰው ነው። በአትላንታና በሲድኒ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ ከ1993 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ደግሞ በተከታታይ አራት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አጥልቋል። የተረከዙ ጅማት ግን ከሲድኒ በኋላ በቀዶ ሕክምና ተነክቷል፤ ወደ አቴንስም የሄደው እግሩ እያመመው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በኋላ በተንቀሳቃሽ ምስል አይታችሁታል። ቀነኒሳና ስለሺ ስሕን ከፊት ናቸው። ኃይሌ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለቱ ወጣቶች ዘወር ብለው አዩት፤ ፍጥነታቸውንም ቀነስ አደረጉ። ጠበቁት ማለት ነው። በኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ ወርቅ እጃቸው ላይ ሊወድቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው፣ ታላቃቸው እንዲደርስባቸው ጠበቁት። እሱም ለትንሽ ጊዜ ቀረባቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን አልሆነለትም። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኤርትራዊው ዘርእሰናይ ታደሰ ሦስተኛ ወጡ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ።

በዚያ ክበብ ውስጥ ጮክ ብዬ «በቃ! ይኼ ሰውዬ በቃው!» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ነገሩ በዚያ ምሽት ቢቀር የስሜት ነገር ነው ይባል ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ክፍል ገብቼ እንደ ሳይንስ አስተማርኩት። አንድ ታላቅ አትሌት ከአናት ላይ ሳለ መውረድ እንዳለበት፣ ኃይሌ ከሲድኒ በኋላ ማቆም እንደነበረበት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በትዝታችን ላይ የተጨመረ ጉድፍ እንደሆነ አብራራሁ። በዕድሜ ከእኔ የማያንስ፣ ከአርሲ ለክረምት ትምህርት የመጣ አንድ የስፖርት መምህር እጁን አወጣ፤ «መምህር፣ ይህን የሚወስነው ተመልካቹ ነው ወይስ ሯጩ?» አለኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም በቀልድ አለፍኩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2007፣ ኃይሌ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:04:26 ሮጦ የፖል ቴርጋትን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ እዚያው በርሊን 2:03:59 ገባ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ዕድሜውም 35 ነበር። እኔ ባስተማርኩት መሠረት ቢሄድ ኖሮ ይህ ሰዓት አይኖርም ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ታሪክ ሰምታችሁ «እንግዲያው ማንም ማቆም የለበትም» የሚል ድምዳሜ እንዳትወስዱ። አንድ ኃይሌ ማስረጃ አይሆንም። ቀጥለው ቀጥለው ምንም ያላገኙ፣ ጉልበታቸውን ጨርሰው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ሯጮች ብዙ ናቸው፤ ስማቸውን ስለማናውቅ ብቻ በናሙናችን ውስጥ አይገቡም። የእኔ ስሕተት ግምቴ አለመሳካቱ ብቻ አልነበረም። ያ የክረምት ተማሪ እንዳመለከተኝ፣ የእኔ ያልሆነን ዓረፍተ ነገር በሌላ ሰው አፍ መናገሬ ነበር።

ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከስፖርት ሳይንስ መጻሕፍቶቻችን የተሻለ ያስባል። አንድ አትሌት ሲያቆም የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ጫማውን ሰቀለ» ይላሉ፤ ወይም «ራሱን ከውድድር አገለለ»። የሁለተኛው ቃል ክብደት አይታያችሁም? ማግለል በማኅበራዊ ኑሯችን ቅጣት ነው፤ የተገለለ ሰው ከዕድርም ከቡናም የራቀ ሰው ነው። አትሌቱ ግን ይህን በራሱ ላይ እንዲያደርግ፣ ያውም በፈገግታ እንዲያደርገው ይጠበቃል። ሌላው ቃል «በቃ» ነው። ከዚህ አንድ ሥር «ብቃት» ይወጣል፤ አትሌቱን የምንለካበት ዋናው ቃላችን። «ለወግ ለማዕረግ በቃ» ስንል ደረሰ፣ ተሳካለት ማለታችን ነው። «በቃ» ብለን ብቻችንን ስናቆመው ደግሞ አለቀ ማለት ነው። መድረስና ማለቅ በአንድ ቃል ተቀምጠዋል፤ የሚለያቸው የሚናገረው ሰው ማንነት ነው። «በቃኝ» የባለቤቱ ቃል ነው። «በቃህ» የአሠልጣኝ ወይም የመራጭ ትእዛዝ ነው። «በቃው» ደግሞ የተመልካች ነው፤ ሰውዬው በሌለበት ስለ እሱ የሚነገር ቃል።

በውጭው ጥናት ይህን የሚመስል ነገር አለ። ጂም ቴይለርና ብሩስ ኦጊልቪ በ1994 ባቀረቡት ማዕቀፍ የአትሌት ፍጻሜ የሚመጣባቸውን አራት መንገዶች ለይተዋል፤ ዕድሜ፣ ከምርጫ ውጭ መሆን፣ ጉዳት እና የራስ ፈቃድ። ከአራቱ ሦስቱ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ሰውነትም ከድቶ ሲገኝ ከውጭ እንደመጣ ይቆጠራልና። «በቃኝ» የሚለው ቃል የሚገባው በአራተኛው ብቻ ነው። ቀደም ያሉት ተመራማሪዎች ደግሞ የአትሌትን ፍጻሜ ከእርጅናና ከሞት ጥናት በተዋሱት መነጽር ያዩት ስለነበር «ማኅበራዊ ሞት» እስከማለት ደርሰዋል። በኋላ የመጡት ይህን አለዝበውታል፤ ፍጻሜው የአንድ ቀን ድንጋጤ ሳይሆን ረጅም ሂደት መሆኑን፣ ሁሉም እንደማይጎዱበትም አሳይተዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። የአገራችንን ታሪክ ስናይ ከሞት የሚመሳሰሉም፣ ከዳገት ቀስ ብሎ መውረድ የሚመሳሰሉም አሉ።

ሻምበል አበበ ቢቂላን እንውሰድ። ሮም ላይ በ1960 በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ በ1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ስድስት ሳምንት ገደማ ውስጥ አሸነፈ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ በጉዳት ምክንያት አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ። በመጋቢት 1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ፤ እዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ41 ዓመቱ አረፈ። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የምንተርከው እንደ አሳዛኝ መጨረሻ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ቀስቱ ነው። እግሩን ያጣ የማራቶን ሯጭ ዕቃ ጥሎ ከመቀመጥ ይልቅ ሌላ የሚለካ ነገር ፈለገ፤ ዒላማና ውጤት ያለው ነገር። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

የማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ አመለጠው፤ እንዴት እንዳመለጠው ዛሬም በተለያየ መንገድ ይተረካል። በ1976 ኒውዚላንድ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር ባደረገችው የራግቢ ግንኙነት ምክንያት ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያልን ትተው ቀሩ። አንድ ሯጭ በሕይወቱ የሚያገኘው የኦሊምፒክ ዕድል ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው፤ ምሩፅ ሁለቱ በዚህ መልክ አለፉበት። በ1980 ሞስኮ ሲደርስ ጋዜጠኞች በዕድሜው ላይ አልተስማሙም፤ አንዱ ሠላሳዎቹን፣ ሌላው አርባውን ጠራ። እሱ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ወሰደ። ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሁላችንም ብናውቅ ኖሮ ከሞስኮ በፊት ስንቶቻችን «በቃው» እንል ነበር? አለማወቃችን ጠቅሞታል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ሰውነት ልምጣ፤ ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ብቆይበት ትታገሡኛላችሁ። «አትሌቱ አለቀ» ስንል አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ያለቀ እናስመስላለን። እውነቱ ግን ሯጭ የሚያልቀው በክፍል በክፍል ነው፤ ክፍሎቹም ተራ አላቸው። አንድ ሰው በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ወዲህ መቀነስ ይጀምራል፤ በተለመደው ሰው ዘንድ በየአሥር ዓመቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ፣ ልምምዱን አጥብቆ በሚይዘው ዘንድ ከዚያ ባነሰ መጠን። የልብ ከፍተኛ ምት ይወርዳል። ከጡንቻ ክሮች ዕድሜ ቀድሞ የሚጎዳው ፈጣኖቹን ነው። ጅማት ደም በብዛት የማይደርሰው አካል ስለሆነ ለመዳን ይዘገያል፤ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ። በሌላ በኩል በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ለመሮጥ የሚያስፈልገው የኦክስጅን ወጪ፣ ማለትም የእርምጃ ቁጠባው፣ በልምምድ ላይ ባለ ሯጭ ዘንድ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል።

ይህ ሁሉ በመም ላይ ምን ማለት ነው? መጀመሪያ የሚሄደው አጨራረሱ ነው። ኃይሌ በሲድኒ ቴርጋትን የቀደመው በአንድ ሰከንድ መቶኛ 9 ልዩነት ብቻ ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ወንዶች ፍጻሜ አንደኛና ሁለተኛ ከዚህ በሰፋ ልዩነት ተለያይተዋል። ሃያ አምስት ዙር ሮጦ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች የሚያሸንፍ ሰው የሚኖረው በእነዚያ ፈጣን ክሮች ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ ያውም በታመመ ተረከዝ፣ እነዚያ ሜትሮች አልነበሩም። ያለቀው ግን እነዚያ ሜትሮች ብቻ ነበሩ። የቀረው ሯጭ ሙሉ ነበር፤ የቀረው የሚስማማው መንገድ ላይ እንጂ መም ላይ አልነበረም። እኔ በክበቡ ውስጥ የመጨረሻውን ዙር አይቼ ሰውዬው በሙሉ አለቀ አልኩ።

የቀነኒሳን መንገድ ብታዩ ተመሳሳይ ነው፤ ይበልጥም የተንገላታ። የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰኑ ከ2004፣ የ10,000 ሜትሩ ከ2005 ጀምሮ እስከ 2020 ማንም አልነካቸውም። እሱ ራሱ ግን ከ2010 በኋላ በባት ጡንቻ ጉዳት ተንገላታ፤ በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ። ወደ ማራቶን ከዞረ በኋላም በዱባይ፣ በበርሊን፣ በአምስተርዳም ሳይጨርስ የቀረባቸው ውድድሮች አሉ። በመስከረም 2019 በርሊን ላይ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሠና ሲሳይ ለማ ጥለውት ሲሄዱ ስንቶቻችን ነን ቴሌቪዥኑን በልባችን የዘጋነው? ከዚያ ተነሥቶ ሁለቱንም ደርሶ አለፋቸው፤ በ2:01:41 ገባ። ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የጎደለችው 2 ሰከንድ ናት። 37 ዓመቱ ነበር። እኔ በዚህ ጊዜ አፌን ይዤ ነበር የማየው፤ ካቴንስ ተምሬያለሁና።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ እግር ነው። ከባዱ ክፍል ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

በኅዳር 2009 ደራርቱ ቱሉ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። 37 ዓመቷ ነበር፤ ከሁለተኛው የኦሊምፒክ ወርቋ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ ታሸንፋለች ብሎ የጠበቃት ሰው ጥቂት ነው። ልክ በዓመቱ፣ በኅዳር 2010፣ ኃይሌ በዚያው ውድድር ተሰለፈ፤ ጉልበቱ አብጦ ነበር። ከግማሽ በላይ ከሮጠ በኋላ በኩዊንስቦሮ ድልድይ ላይ አቆመ። በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ እንባው እየወረደ፣ ከእንግዲህ በቃኝ አለ። ይህን ያቀደው ሰው አልነበረም፤ ከእርሱ ጋር የሚሠሩትም ተደናገጡ። ሳምንት ገደማ ሳይሞላው ቃሉን መልሶ ወሰደ፤ እሮጣለሁ አለ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ይህን እንደ ድክመት ወሰደው። እኔ ስለዚያ ሳምንት ሳስብ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ኃይሌ ለነገ ያልተዘጋጀ አትሌት አልነበረም። ሕንፃዎችና ሆቴሎች ነበሩት፤ የመኪና ንግድ ጀምሯል፤ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። እኛ በክፍል ውስጥ አትሌቶች «ከሩጫ በኋላ ላለው ሕይወት» ይዘጋጁ እያልን የምንመክረውን ሁሉ እሱ ከአሥር ዓመት በፊት አድርጎት ነበር። ታዲያ ለምን አለቀሰ?

መልሱ ገንዘብ አይመስለኝም። አንድ ሯጭ ከሌሎቻችን የሚለይበት ነገር አለ፤ የሠራው ሥራ በዚያው ቀን፣ በማያከራክር ቁጥር ይነገረዋል። እኛ መምህራን ጥሩ አስተማርን አላስተማርን የሚነግረን የለም፤ ነጋዴም ትርፉን ከዕድል አይለይም። ሯጭ ግን ማለዳ በእንጦጦ ወይም በሱሉልታ ተነሥቶ የሮጠው ሩጫ በሰዓቱ ላይ ይጻፋል። ይህን መለኪያ ለሃያ ዓመት የለመደ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ የተሠራ ነው። ሕንፃ ይህን አይተካውም። ሻምበል አበበ ቀስት ያነሣው ለዚህ ይመስለኛል።

ሄለን ሮዝ ኢቦ የተባለች የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪ በ1988 ባሳተመችው መጽሐፏ ከአንድ ትልቅ ድርሻ የሚወጡ ሰዎችን አጥንታለች። እርሷ ራሷ ቀድሞ መነኩሴ ነበረች። ከግኝቶቿ አንዱ የወጣ ሰው በባዶው እንደማይወጣ ነው፤ የቀድሞው ማንነት ቅሪት አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሳነብ ሁልጊዜ የኃይሌ ግራ እጅ ትታወሰኛለች። በልጅነቱ ከአሰላ አካባቢ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ደብተሩን የያዘባት ክንድ ዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም እንደታጠፈች ቀረች። ደብተሩ ከወደቀ ስንት ዓመት ሆነው፤ ክንዱ ግን አልተወውም። ሩጫው ራሱ ሲወድቅ ምን ታጥፎ እንደሚቀር አስቡ።

አጭር ነገር ስለ ራሴ ልጨምርና ልለፍ። የእኔ ፍጻሜ በደብዳቤ ይመጣል፤ 60 ዓመት ሲሞላኝ ከሰው ኃይል አስተዳደር ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ይደርሰኛል፤ ቀኑ ቀርቧል። ወረቀቱን አልወደውም። ግን አንድ ውለታ ይውልልኛል፤ «በቃኝ» የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አይጠበቅብኝም። አትሌት ይህ ወረቀት የለውም።

ድሮ ግን የሚመስለው ነበረው። ሻምበል አበበና ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ ባልደረቦች ነበሩ፤ ምሩፅ የአየር ኃይል። ባሸነፉ ቁጥር የሚጨመርላቸው ማዕረግ ነበር። እስከ ዛሬ ሻምበል አበበ፣ ኮሎኔል ደራርቱ፣ ሻለቃ ኃይሌ እያልን የምንጠራቸው ለዚህ ነው። ማዕረግ ሯጩ መሮጥ ካቆመ በኋላ አብሮት የሚኖር ስም ነበር፤ ደመወዝም ከኋላው ነበረው። ያንን ዘመን አላሞግስም፤ ሯጩ የመንግሥት ንብረት የሆነበት ዘመንም ነበር። ዛሬ ያለው ወጣት ከማናጀር ጋር ይዋዋላል፣ የከተማ ማራቶን ሽልማት ያገኛል፣ ከድሮዎቹ በብዙ እጥፍ ሀብታም ሊሆን ይችላል። ግን ማቆሚያው ቀን ላይ የሚጠራበት ስም የለውም። «የቀድሞ አትሌት» ይባላል፤ ይህ ስም ያለፈውን ብቻ ይናገራል።

ወደ መጨረሻው ጉዳይ ልምጣ፤ በዚህ ላይ አቋሜን ስጠየቅ የምቸገርበት ነው።

በነሐሴ 2024 ቀነኒሳ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተሰለፈ፤ 42 ዓመቱ ነው። በዚያው ከተማ ጫፍ በ2003 የዓለም ሻምፒዮና ኃይሌን በ10,000 ሜትር አሸንፎ ነበር፤ በ5,000ው ደግሞ የ18 ዓመቱ ኢሉድ ኪፕቾጌ አሸንፎት ሦስተኛ ወጥቶ ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ ሁለቱም በፓሪስ መንገድ ላይ ናቸው። ኪፕቾጌ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ አቆመ፤ ጫማውንም ለተመልካቾች ሰጠ። ቀነኒሳ ሮጦ ጨረሰ፤ 39ኛ፣ በ2:12:24። ወርቁን የወሰደው የአገሩ ልጅ ታምራት ቶላ ከእርሱ ስድስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገብቷል።

እስካሁን የተናገርኩትን ብቻ ብትከተሉ እዚህ ላይ ለ39ኛው ታጨበጭባላችሁ። እኔም አጨበጭባለሁ። ግን አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም። አንድ አገር በኦሊምፒክ ማራቶን የምታሰልፈው ሦስት ሯጮች ብቻ ነው። ታምራት ቶላ መጀመሪያ ከሦስቱ አልነበረም፤ ተጠባባቂ ነበር። የገባው ሲሳይ ለማ ውድድሩ ሊካሄድ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው በጉዳት ስለወጣ ነው። የሲሳይ እግር ባይታመም ኖሮ የፓሪሱ ባለ ወርቅ ውድድሩን በቴሌቪዥን ያይ ነበር። እንግዲህ አንጋፋ ሯጭ የሚቀጥልበት እያንዳንዱ ዓመት የሌላ ሰው ቦታ አለበት። «በቃኝ የሚለው ባለቤቱ ብቻ ነው» የሚለው ክርክሬ የግል ውድድርን ይሸፍናል፤ የአገር ማሊያን ግን አይሸፍንም። ማሊያው የእርሱ ብቻ አይደለምና።

በሌላ በኩል ደግሞ ቀነኒሳ በምሕረት አልተመረጠም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በለንደን ማራቶን 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል፤ በ41 ዓመቱ። ሰዓቱ አስመረጠው። የመረጡትን የሚወቅስ ሰው በነሐሴ የሆነውን አይቶ በሚያዝያ ለወሰኑት እየፈረደ ነው። እኔ ከአቴንስ በኋላ የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነበር።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት፣ ለመከራከር ክፍት ሆኖ፣ ይህ ነው። «በቃህ» የሚለውን ቃል ሰው እንዳይናገረው፣ ሰዓት እንዲናገረው አድርጉ። የምርጫ መስፈርቱ በጽሑፍ፣ ከውድድሩ ብዙ ወራት አስቀድሞ፣ ለአንጋፋውም ለወጣቱም በአንድ ቋንቋ ይነገር፤ ከዚያ በኋላ ስም አይጠራ፣ ዕድሜ አይቆጠር፣ ትዝታም አይጨመር። ኃይሌ በ2012 ሄንግሎ ላይ በ10,000 ሜትር ማጣሪያው ሰባተኛ ሲወጣ ለለንደን ኦሊምፒክ እንደማይሄድ ያወቀው ከማንም አፍ አይደለም፤ ስድስት ሰዎች ቀድመውት ሲገቡ አየ። ያ ቀን አሳማሚ እንደነበር አልጠራጠርም። ከኒውዮርኩ ቀን ጋር ሳነጻጽረው ግን የሄንግሎው ንጹሕ ይመስለኛል፤ በዚያ ቀን ማንም ምንም መልሶ መውሰድ አላስፈለገውም። መሮጡንም ከዚያ በኋላ አልተወም። በውድድር ደረጃ በቃኝ ያለው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2015፣ ደጋግሞ ባሸነፈበት የማንቸስተር የጎዳና ሩጫ 16ኛ ወጥቶ ነው። 42 ዓመቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ማንም አልተከራከረውም፤ እሱም ቃሉን አልመለሰም። በኒውዮርክና በማንቸስተር መካከል አራት ዓመት ተኩል አለ፤ «በቃኝ» ለማለት የወሰደበት ጊዜ ያ ነው። ክብረ ወሰን አላስመዘገበበትም፤ የሥልጠና መጻሕፍቶቻችንም ስም አልሰጡትም። አንዳችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በእሱ ላይ ብትሠሩ በደስታ አማክራለሁ፤ ደብዳቤዬ እስኪመጣ ድረስ።

የቀነኒሳን ደግሞ እሱ ራሱ ሲነግረን እንሰማለን። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በተለይ ከአርሲ የመጣችሁ።